አልፓካ አይታቀፍም፣ አብረውት ይሄዳሉ

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር። የምኖረው ሊድስ ነው። ልጄ በሚቀጥለው ወር 9 ዓመት ይሞላታል። ለልደቷ ሌላ ምንም አልፈልግም፣ አልፓካ ይዤ በእግሬ መሄድ ነው የምፈልገው ብላ አስጨንቃኛለች። ከከተማ ወጣ ብሎ ያለ አንድ እርሻ አስጎብኚ መድቦ ለአንድ ሰዓት ያስኬዳል። ታናሽ ወንድሟ 4 ዓመቱ ነው። እናቴም ከአዲስ አበባ መጥታ አብራን ናት፤ 68 ዓመቷ ነው፣ ጉልበቷን ትንሽ ያማታል። እንስሳው ይተፋል፣ ይራገጣል ሲሉ ሰምቻለሁ። እናቴ ደግሞ “ለበግ ነው ይሄን ሁሉ ገንዘብ የምትከፍሉት?” ትላለች። ልሂድ ወይስ ይቅርብኝ? ምን ማወቅ አለብኝ?

ምላሽ፦ ሂጂ እህቴ።

መልሱን ያስቀደምኩት ልጅሽ ከጎንሽ ቆማ እየጠበቀች ይሆናል ብዬ ነው። ዝርዝሩ ግን ይረዝማል። ቡናሽን ይዘሽ ተቀመጪ።

እኔ የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ቢሾፍቱ ተምሬ ከወጣሁ በኋላ ጥቂት ዓመታት ያሳለፍኩት ወደ ምሥራቅ፣ ከግመል ጋር ነው። እንግሊዝ ከመጣሁ ወዲህ ደግሞ አልፓካ አክማለሁ፤ ቅዳሜና እሁድ እንዲህ ያለውን ጉዞ እመራለሁ። በሁለቱም ስለተተፋብኝ የምናገረው ከልምድ ነው።

ከእናትሽ ጥያቄ ልጀምር። ልክ ናቸው፣ ከሩቅ ሲያዩት አንገቱ የረዘመ በግ ነው የሚመስለው። ግን በግ አይደለም። የግመል ዘመድ ነው። የግመል ዘር መጀመሪያ የተነሣው ሰሜን አሜሪካ ነው፤ ከ40 ሚሊዮን ዓመት በላይ ሆኖታል። ከዚያ አንዱ ወገን ወደ እስያ ተሻገረ፤ የአፋርና የሶማሌ ግመል የዚህኛው ወገን ነው። ሌላው ወገን ከ3 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ወደ ደቡብ አሜሪካ ወረደ። እዚያው ሰሜን አሜሪካ የቀሩት ጠፉ። አልፓካ የዚያ ወደ ደቡብ የወረደው ወገን ልጅ ነው። ቪኩኛ ከሚባል ቀጭን የዱር እንስሳ ተላምዶ የመጣ ነው። የአንዲስ ተራራ ሰዎች፣ በተለይ የዛሬዋ ፔሩ አካባቢ የነበሩት፣ ከ6000 ዓመት በፊት ጀምሮ ለጸጉሩ ሲያረቡት ኖረዋል። ጭነት የሚሸከመው ትልቁ ወንድሙ ላማ ነው። አልፓካ ቁመቱ ትከሻው ድረስ 90 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው፤ ክብደቱ ብዙ ጊዜ ከ55 እስከ 85 ኪሎ ነው። ስለዚህ ልጅሽ “ልቀመጥበት?” ብላ ከጠየቀች መልሱ አይቻልም ነው። ወንድምየውንም ለፎቶ ብለሽ ጀርባው ላይ እንዳታስቀምጪው።

እናትሽን ለማሳመን ሦስት ነገር አሳዪያቸው። አንደኛ፣ የላይኛው ከንፈሩ መሐል ለመሐል የተሰነጠቀ ነው፤ ሁለቱን ግማሽ ለየብቻ እያንቀሳቀሰ ሣር ይለቅማል። ሁለተኛ፣ እግሩ እንደ በግ ሰኮና የለውም። ሁለት ጣት አለው፤ ከሥሩ ለስላሳ መዳፍ፣ ከፊቱ ጥፍር። ሦስተኛ፣ ሲተኛ ይንበረከካል። መጀመሪያ የፊት ጉልበቱን፣ ከዚያ የኋላውን አጥፎ ቁጭ። ግመል ሲንበረከክ ያየ ሰው ይሄን አይቶ ዘመዱን አይስትም። (ቀጥሎ “ይበላል ወይ?” ማለታቸው አይቀርም። ፔሩ ውስጥ ይበላል። ያመሰኳል፣ ግን እንደ በሬ የተሰነጠቀ ሰኮና የለውም። ለኦርቶዶክስ እናት ከዚህ በላይ ማብራሪያ አያስፈልግም።)

ሊድስ ስለሆንሽ አንድ ነገር ልጨምር። አልፓካ ለእናንተ አካባቢ ባዳ አይደለም። ብራድፎርድ አጠገብ ሶልቴር የሚባል መንደር አለ። ታይተስ ሶልት የሚባል ባለ ፋብሪካ በ1836 ሊቨርፑል መጋዘን ውስጥ ማንም ፈላጊ ያጣ የአልፓካ ጸጉር አገኘና ገዛው። ፈትሎ፣ ከሌላ ክር ጋር ሸምኖ፣ ለሴቶች ቀሚስ የሚሆን አንጸባራቂ ጨርቅ አወጣበት። በዚያ ሀብት ያቆመው ግዙፍ ፋብሪካ በ1853 ተከፈተ፤ ዙሪያውን ለሠራተኞቹ መንደር ሠራ። ከ2001 ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። መግቢያ አይከፈልበትም። ፓርኩ ውስጥ ካለው ሐውልቱ ሥር አልፓካ ተቀርጾ ታገኙታላችሁ። ዝናብ ጉዞውን ካሰረዘባችሁ ወደዚያ ውሰጃቸው።

አሁን ወደ ፍርሃትሽ እንምጣ።

ይተፋል? አዎ ይተፋል። ግን ትፋቱ በአብዛኛው ለሰው አይደለም፣ ለእርስ በርስ ጠብ ነው። ምግቤን ነካህ፣ ተጠጋኸኝ፣ ራቅ በል ለማለት። እርጉዝ ሴትም የሚጠጋትን ወንድ በትፋት ታባርራለች። ደረጃ አለው። መጀመሪያ አየር ብቻ ነው፣ “ፍ!” ብሎ ማስፈራራት። ቀጥሎ አፉ ውስጥ ያለው ሣር ይመጣል። በጣም ከተናደደ ከሆዱ ያወጣል፤ አረንጓዴ ነው፣ ሽታው ለብቻው ነው። ከመትፋቱ በፊት ያስጠነቅቃል። ጆሮውን ወደኋላ ይለጥፋል፣ አገጩን ወደ ሰማይ ያነሣል። ይሄን ያየ ሰው ዞር ማለት ብቻ ነው ያለበት። የሚገርመው፣ ከሆዱ ያወጣ አልፓካ ራሱም ይቀጣል። አፉን ስለሚመረው የታችኛው ከንፈሩ ተንጠልጥሎ፣ አፉን ከፍቶ፣ ለደቂቃዎች የተከዘ ሽማግሌ መስሎ ይቆማል።

እኔ የተመታሁት በገዛ ጥፋቴ ነው። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን የመኖ ባልዲ ይዤ በሁለት ጠበኞች መሐል ገባሁ። አንዱ ለሌላው የላከው ጆሮዬ ላይ አረፈ። ሸሚዙን ሁለት ጊዜ አጥቤም አልለቀቀም። ስለዚህ ልጆችሽ መኖ እንዲያበሉ ከተፈቀደላቸው በሁለት እንስሳት መሐል እንዳይቆሙ አድርጊ። ከዚህ ካመለጣችሁ ንጹሕ ሆናችሁ የመመለሳችሁ ነገር ሰፊ ነው።

እርግጫስ? የኋላ እግሩን ከነኩት ወይም ሳያይ ከኋላው ከመጡበት ይራገጣል። መዳፉ ለስላሳ ስለሆነ የበቅሎ እርግጫ የሚያውቅ ሰው ይስቅበታል። ግን የ4 ዓመት ልጅ ፊት ያለው እግሩ በሚደርስበት ከፍታ ላይ ነው። ልጁ ከኋላው አይሂድ። በቃ። መንከስ ብዙም አያሳስብም፤ ከላይ የፊት ጥርስ የለውም። ወንዶቹ ሲያድጉ ለእርስ በርስ ውጊያ የሚሆን ስለታም ጥርስ ያወጣሉ፤ ደህና እርሻ ያንን በጊዜው ያሳጥረዋል።

ዋናው ጉዳይ ግን ትፋትም እርግጫም አይደለም። ሰዎች የሚመጡት ሊያቅፉት ነው። ፎቶው ላይ አሻንጉሊት ይመስላል፤ ትልልቅ ዓይን፣ ግንባሩ ላይ ጉድሩ፣ ፈገግ ያለ የሚመስል አፍ። እሱ ግን ሁሌም ሊበላው የሚመጣ ነገር አለ ብሎ የሚኖር የመንጋ እንስሳ ነው። አንገቱ ላይ የሚጠመጠም ነገር ለእሱ ደስ የሚል ትርጉም የለውም፤ ለአያቶቹ ነብር መሰል አውሬ ነበር እንደዚያ የሚጠመጠምባቸው። አልፓካ መታቀፍ አይወድም። ከመንጋው ጋር እያዘገመ፣ እያየ፣ ሣር እየነጨ መሄድ ግን አይከብደውም። ጉዞውን የምወደውም ለዚህ ነው። ከሌላው የእንስሳት መዝናኛ ሁሉ የእሱን ጠባይ ብዙም ሳይጫን የሚካሄድ ነው።

ልጆች ሲደርሱ መጀመሪያ የሚያደርጉት እጃቸውን ወደ ጭንቅላቱ መሰንዘር ነው። እሱ አንገቱን ወደኋላ ይስባል። ልጁ ይከተላል። እሱ አንድ እርምጃ ይሸሻል። ይሄ “አልፈልግም” ማለት ነው፤ ከዚህ በላይ እንዴት ይናገር? ለልጅሽ ቤት እያላችሁ ንገሪያት። ፊት ለፊት አትቁሚ፣ ከጎኑ ቁሚ። ዓይኑ ላይ አታፍጪ። እጅሽን ከታች በኩል አምጪና አንገቱ ሥር ወይም ትከሻው ላይ፣ በእጅሽ ጀርባ ንኪው። ጭንቅላት፣ ጆሮ፣ ጭራና እግር ክልክል ነው። ከቆመልሽ ቀጥዪ፤ ከሸሸ ተዪው። ጸጉሩ ውስጥ ጣቷ እስከ አንጓዋ ሲሰምጥ ስታይ ለምን ይሄን ሁሉ እንደለፈለፍኩ ይገባታል። ላዩ አቧራና ጭድ ነው፤ ጣትሽን ስታስገቢ ግን ልክ የተነደፈ ጥጥ ነው፣ ይሞቃል።

ዕለቱ ይሄን ይመስላል። ትደርሳላችሁ፣ አስጎብኚው ለአሥር ደቂቃ ያህል ያስረዳል፣ ከዚያ ማን ከማን ጋር እንደሚሄድ ያከፋፍላል። “እኔ ነጩን!” የሚል ጭቅጭቅ ይነሣል፤ ለአስጎብኚው ተዉለት። ማን ከፊት መሄድ እንደሚወድ፣ ማን ከማን ጋር እንደተኮራረፈ የሚያውቀው እሱ ነው። ገመዱን ስትይዙ እጃችሁ ላይ አትጠምጥሙት። ትርፉን አጣጥፋችሁ በመዳፍ ጨብጡ፤ ደንግጦ ቢስብ ገመዱ ይሄዳል እንጂ ጣት አይሄድም። ከትከሻው አጠገብ ሁኑ። ገመዱ ላላ ብሎ ይንጠልጠል። የተወጠረ ገመድ እሱንም ያወጥረዋል፤ በሳብሽው ቁጥር ወደኋላ ይስብሻል።

አንድ ነገር ደግሞ በደንብ እዪ፤ ብዙ ጎብኚ አያውቀውም። ፊቱ ላይ የሚታሰረው ማሰሪያ እንደ ፈረስ ልጓም አፍ ውስጥ የሚገባ ብረት የለውም። አፍንጫው ላይ የሚያልፍ ጠፍር ነው። ያ ጠፍር ወደ ላይ፣ ወደ ዓይኑ ጠጋ ብሎ፣ ጠንካራው አጥንት ላይ ማረፍ አለበት። የአልፓካ አፍንጫ አጥንት አጭር ነው፤ ከሱ በታች ለስላሳ ነው። አልፓካ ደግሞ በዋናነት የሚተነፍሰው በአፍንጫው ነው። ጠፍሩ ወደ ለስላሳው ከተንሸራተተ የታፈነ ይመስለዋል፣ ያብዳል። “ጠባዩ ክፉ ነው” የሚባለው እንስሳ ብዙ ጊዜ ማሰሪያው የወረደበት ነው። የያዛችሁት አልፓካ ጭንቅላቱን ቶሎ ቶሎ የሚነቀንቅ፣ ፊቱን እግሩ ላይ የሚፈትግ ከሆነ አትታገሉት፤ አስጎብኚውን ጥሩ።

መንገድ ላይ ትቆማላችሁ። ብዙ ትቆማላችሁ። አንዱ ሣር አይቶ፣ ሌላው ሣር እየበላ ያለውን አይቶ። ከሁሉ የሚያስቀው የመጸዳጃው ጉዳይ ነው። አልፓካ ባገኘበት አይጸዳዳም፤ መንጋው የጋራ ቦታ አለው። አንዱ እዚያ ሲደርስ ይቆማል፣ ሌሎቹ ከኋላ ተራ ይጠብቃሉ። ልጆች ለሳምንት የሚያወሩት ይሄንን ሰልፍ ነው። ለጤናቸውም ይጠቅማል፣ ሣሩን በጥገኛ ትል አይበክሉትም። ሲሄዱ ደግሞ “እምምም” እያሉ ያንጎራጉራሉ። ትርጉሙ ብዙ ነው፤ ጓደኛዬ የት ሄደ፣ ይሄ ምንድነው፣ ትንሽ ጨንቆኛል። ድንገት ሁሉም ቀጥ ብለው ወደ አንድ አቅጣጫ ካፈጠጡ ውሻ አይተዋል ማለት ነው። ያኔ መሮጥ የለም። ቆማችሁ አብራችሁ እዩ።

ከመንጋው ወደኋላ ከቀራችሁ የያዝሽው መቸኮል ይጀምራል። አትያዥው፣ ፈጠን በይለት። ለአልፓካ ብቻውን መቅረት ትልቅ ጭንቀት ነው። መንገድ ላይ ከተንበረከከ ደግሞ ወይ ደክሞታል፣ ወይ ሞቆታል፣ ወይ አኩርፏል። ገመድ መጎተት አይሠራም። አስጎብኚው ሌሎቹን ጥቂት እርምጃ ወደፊት ይወስዳቸዋል፤ ያኔ ራሱ ብድግ ይላል።

እርሻ ስለመምረጥ ረዘም አድርጌ ልጻፍ፤ ገንዘብሽም ደስታሽም የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው። ሰሌዳቸውን ሳይሆን መልሳቸውን እዪ። ስልክ ደውዪ።

ለጉዞ የሚወጡት እነማን እንደሆኑ ጠይቂ። የምትፈልጊው መልስ “የተኮላሹ፣ የጎለመሱ ወንዶች” የሚል ነው። ሴቶቹ እርግዝናቸው ከ11 ወር በላይ ስለሚቆይ የመራቢያ እርሻ ላይ ያሉት ሁሌም እርጉዝ ወይም አጥቢ ናቸው ማለት ይቻላል። አንድ እንስሳ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚወጣ ጠይቂ። በጋ ከሆነ መቼ እንደሚላጩ ጠይቂ፤ እዚህ አገር ብዙውን ጊዜ በሜይና በጁን በዓመት አንዴ ይላጫሉ። ሳይላጭ በሐምሌ እኩለ ቀን የሚያስኬድ ሰው ስለ ሥራው የሚያውቅ አይደለም። ለሞቃት ቀን የጠዋቱን ፈረቃ ያዢ። ካፊያ ግን ምንም አይደለም፤ ዝናቡን እናንተ ናችሁ የምትፈሩት።

ከዚያ ይቺን ጠይቂ፦ “የዚያን ቀን እንስሳው መሄድ ባይፈልግስ?” አዋቂ ሰው “እንተወዋለን፣ ሌላ እንሰጣችኋለን” ይላል። “ኧረ ይሄዳል፣ እናስኬደዋለን” የሚልሽ ሰው ጋ አትሂጂ።

አንድ ቀይ መብራት ላሳይሽ። “ግልገሎችን በጡጦ አጥቡ፣ እቀፉ” የሚል ማስታወቂያ ካየሽ ጠርጥሪ። እናቱ የሞተችበት ግልገል በጡጦ ያድጋል፣ ያ ግዴታ ነው። ወንድ ግልገል ግን ከመንጋው ተለይቶ በሰው እቅፍ ካደገ ሰውን እንደራሱ ዘር ይቆጥራል። ልጅ ሳለ ያምራል፣ ይከተልሻል፣ ጭንሽ ላይ ይወጣል። ሲጎለምስ ግን ሰውን እንደ ተቀናቃኝ ወንድ ያየዋል። በደረቱ ይገፋል፣ ይነክሳል፣ ያሳድዳል። አንድ ቦታ እንዲህ የሆነ አይቻለሁ። ባለቤቶቹ እንደ ልጃቸው አሳድገውት በመጨረሻ አጥሩን መሻገር አልቻሉም። ያመጡኝ እኔን ነበር፤ ያን ቀን የሠራሁትን ሥራ አልወደውም። ስለዚህ ትንሽ ቆጠብ ያለ፣ ራቅ ብሎ የሚያይሽ አልፓካ ካጋጠመሽ በትክክል ያደገ ነው።

ስለ ልጅሽ ወንድም። ብዙ እርሻ የዕድሜ ገደብ አለው፤ 4 ዓመት አንዳንድ ቦታ አይፈቀድም፣ ቀድመሽ አረጋግጪ። ቢፈቀድም ገመድ ብቻውን አይዝም። አንቺ ዋናውን ትይዣለሽ፣ እሱ ጫፉን ይነካል፣ እሱ እንደሚመራ ያስባል፤ ሁላችሁም ደስተኛ ናችሁ። ጋሪ ጭቃ ላይ አይሄድም፤ ሃያ ደቂቃ ካለፈ በኋላ ትሸከሚዋለሽ ብለሽ ጠብቂ። አከፋፈሉንም ጠይቂ። አንዳንድ ቦታ የሚከፈለው በሰው ነው፣ አንዳንድ ቦታ በአልፓካ ነው፤ በአልፓካ ከሆነ ለአራታችሁ ሁለት ይበቃል።

ንጽሕና። ይሄን አጥብቄ ነው የምልሽ። ከጉዞው በኋላ እጅ በውኃና በሳሙና ይታጠባል። የእጅ ጄል አይተካውም። እርሻ ላይ ኢ ኮላይ ኦ157 እና ክሪፕቶስፖሪዲየም የሚባሉ ለትንንሽ ልጆች ክፉ የሆኑ ተዋሲያን ሊኖሩ ይችላሉ፤ የኋለኛው ደግሞ ለጄል ደንታ የለውም። ሳይታጠቡ ብስኩት የለም፣ ጣት አፍ ውስጥ የለም። ጫማችሁንም መኪና ውስጥ ከመግባታችሁ በፊት አራግፉ። አስጎብኚው ያልሰጣችሁን ምግብ ለእንስሳው አትስጡ። እናትሽ ቦርሳቸው ውስጥ ቆሎ ወይም ዳቦ አለ፤ አላየሁትም ግን አለ። አልፓካ ሆዱ ሦስት ክፍል ያለው፣ ሣር ቀስ ብሎ የሚያብላላ ነው። እህልና ዳቦ በድንገት ሲገባበት ሆዱ ይመረዛል፣ ይታመማል። አስጎብኚው ዞር ሲል ከኪሳቸው የሚያወጡ ሰዎች አሉ፤ ግመል ሰርቆ አጎንብሶ ማለት ይሄ ነው፣ ፍርፋሪው ከንፈሩ ላይ ይቀራል። ልጆቹም ከአጥር ቅጠል ቀጥፈው እንዳያበሉት፤ እዚህ አገር ለማስዋቢያ የሚተከሉ ሮዶደንድሮንና የው የሚባሉት ይገድሉታል።

ስለ ቲቢ ሰምተሽ ይሆናል። በኦገስት 2021 ጄሮኒሞ የሚባል አልፓካ በምርመራ የከብት ቲቢ ተገኝቶበታል ተብሎ፣ ከረጅም የፍርድ ቤት ክርክር በኋላ ሲገደል አገሩ ሁሉ ተንጫጭቷል። አልፓካ በሽታው ይይዘዋል። ለአንድ ሰዓት ሜዳ ላይ አብሮ ለሚሄድ ሰው ግን አደጋው በጣም ዝቅተኛ ነው።

አንድ የሚያዝናና ነገር ላስገባ። አልፓካ አገሩ ከ3500 ሜትር በላይ፣ ፀሐይ የሚያቃጥልበት ደጋ ነው። እዚህ ደመና ውስጥ ሲመጣ ክረምት ላይ ቫይታሚን ዲ ያጥረዋል፣ ግልገሎቹ አጥንታቸው ይጎብጣል። ስለዚህ በክረምት ቫይታሚን ዲ እንሰጣቸዋለን። እዚህ አገር ሐኪም ቤት የሄደ ሐበሻ ሁሉ ምን እንደተባለ ታውቂያለሽ። መርፌውን ስወጋቸው “አይዟችሁ፣ እኔም እየዋጥኩ ነው” እላቸዋለሁ።

የቀሩት እናትሽ ናቸው። ስለ ጉልበታቸው ስትደውዪ ተናገሪ። የምትጠይቂው ስለ ርቀቱ ብቻ አይደለም፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ብዙ ርቀት አይኬድም። ዳገት አለ ወይ፣ በእንጨት ደረጃ የሚሻገሩት አጥር አለ ወይ፣ ጭቃ አለ ወይ፣ ነው። ከዘራ የሚይዙ ከሆነ ለአስጎብኚው ይነገረው፤ የሚወዛወዝ ዱላ እንስሳውን ያስበረግጋል፣ መሬት የሚይዝ ከዘራ ግን ይለምደዋል። ካልሆነላቸው ግቢው ውስጥ ቁጭ ብለው የቀሩትን መንጋ ማየት ይችላሉ፤ ብዙ ቦታ ይፈቅዳል። ጫማ የጎማ ቦት። ነጠላቸውን ካፖርቱ ሥር ያስገቡት። ጥለቱ በነፋስ ሲውለበለብ አንዱ ይበረግጋል፣ ሌላው ደግሞ ሊያኝከው ይመጣል።

ባለፈው መከር አንዲት ሐበሻ እናት ከልጃቸው ቤተሰብ ጋር መጥተው ነበር። ለመሄድ አላሰቡም፣ ብርድ ነው ብለው አጉረመረሙ። የልጅ ልጃቸው ከያዘው ጋር ተጣላ፤ እሱ ይስባል፣ አልፓካው ይስባል። እሳቸው ሄደው ገመዱን ተቀበሉት። ምንም አላሉም። ከጎኑ ቆሙና ወደ ሜዳው ማየት ጀመሩ፣ እንስሳው እንደሌለ ሁሉ። ገመዱ መሬት ሊነካ እስኪደርስ ላላ። ትንሽ ቆይቶ አልፓካው አንገቱን አዞረና የጋቢያቸውን ጫፍ፣ ቀጥሎ ጆሯቸውን አሸተተ። እሳቸው አሁንም አላዩትም። “ና እንሂድ” አሉትና አንድ እርምጃ ሄዱ። ተከተላቸው።

ገጠር ነው ያደጉት ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። “መርካቶ” አሉኝ።